ነጥቡ የማን ነው?

የሮቦት ውድድር አይታችሁ ለማታውቁ መጀመሪያ ነገሩን በአጭሩ እንንገራችሁ። ሁለት ብረታ ብረቶች ተጋጭተው አንዱ ሌላውን የሚሰባብርበት ትርዒት አይደለም (እሱም አለ፤ እሱን ለፊልም ወዳጆች እንተወው)። አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ዲን ኬመን እ.ኤ.አ. በ1989 ፈርስት የሚባል ድርጅት መሠረተ፤ ውድድሩም በ1992 ተጀመረ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሮቦት ይሠራሉ። ሮቦቶቹ ሜዳ ላይ ኳስ ወይም ሌላ ዕቃ እየለቀሙ የተባለበት ቦታ ይከታሉ። ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ሲሞላ ፊሽካ ይነፋል፣ ነጥብ ይቆጠራል፣ በቃ። ከ2005 ወዲህ ደግሞ የሚጫወቱት ሦስት ለሦስት ነው። እዚህች ጋ ቆም በሉ። የዛሬው ጨዋታችን በሙሉ የሚያጠነጥነው በዚህች "ሦስት ለሦስት" ላይ ነው።

የዚሁ ቤተሰብ የሆነው የአገሮች ውድድር፣ ፈርስት ግሎባል፣ በ2017 ዋሽንግተን ላይ ሲጀመር ከ150 በላይ አገሮች ቡድን ልከው ነበር፤ የእኛም አገር አንዷ ነበረች። እዚያም ቢሆን አገር ብቻውን አይጫወትም። ሦስት አገሮች ይጣመሩና ከሌሎች ሦስት አገሮች ጋር ይጋጠማሉ። በማጣሪያው ዙር ከማን ጋር እንደምትጣመር የሚወስነው ዕጣ ነው። ዛሬ አብሮህ የተጫወተው ነገ ተቃራኒህ ሊሆን ይችላል። ጥምረቱ 60 ነጥብ ካገባ ለሦስቱም የሚጻፈው ያው 60 ነው። ማን ስንቱን እንዳገባ የሚናገር ወረቀት የለም።

ታዲያ የትኛው ቡድን ጎበዝ እንደሆነ በምን ይታወቃል? የስታቲስቲክስ ሰዎች የሚገቡት በዚህ ቀዳዳ ነው። በዚህ ዓለም ስሙ የገነነው መለኪያ ኦ.ፒ.አር ይባላል፤ የአንድን ቡድን ነጥብ የማግባት አቅም በቁጥር እናሳያለን የሚል ነው። አሠራሩ አስማት የለበትም። ሁላችንም ትምህርት ቤት የተሠቃየንበት ሳይመልቴኒየስ ኢኩዌሽን ነው።

እስቲ አገራችን አምጥተን እንሞክረው። ገሳይ፣ ወረታና ንፋስ መውጫ የሮቦት ቡድን አላቸው እንበል (እንበል ነው ያልነው፣ ነገ ደውላችሁ ስልክ ቁጥራቸውን እንዳትጠይቁን)። ነገሩን ለማቅለል ጥምረቱን ሁለት ለሁለት እናድርገው። ገሳይና ወረታ አንድ ላይ ሆነው 50 ነጥብ አገቡ። ገሳይና ንፋስ መውጫ 40 አገቡ። ወረታና ንፋስ መውጫ 30 አገቡ። ሦስት የማይታወቁ ቁጥሮች፣ ሦስት ኢኩዌሽን። ስትፈቱት ገሳይ 30፣ ወረታ 20፣ ንፋስ መውጫ 10 ይመጣል። ደምሩና አረጋግጡ። ቆንጆ ነው አይደል? ማንም ሳያይ፣ ማንም ሳይቆጥር፣ ከድምሩ ብቻ የእያንዳንዱ ድርሻ ተለይቶ ወጣ። የዚህ መለኪያ ወዳጆች ለምን እንደሚወዱት ይገባናል፤ እኛም የመጀመሪያ ቀን ስናየው ወደነዋል።

አሁን አንዲት ነገር እንቀይር። በሁለተኛው ግጥሚያ፣ ገሳይና ንፋስ መውጫ በተጣመሩበት፣ የንፋስ መውጫው ሮቦት የባትሪ ገመዱ ተነቀለ። ሮቦቱ መሀል ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ፤ ገሳይም በቆመው ሮቦት ተዘግቶ እንደ ልቡ መንቀሳቀስ አልቻለም። 40 ሊሆን የሚችለው ነጥብ 20 ሆነ። ሌላው ሁሉ እንደነበረ ነው። ኢኩዌሽኑን እንደገና ፍቱት። ንፋስ መውጫ 0። እሺ፣ ገመዱ የተነቀለው የእሱ ነው፣ ይቅጣው። ገሳይ ከ30 ወደ 20 ወረደ፣ ያለ ጥፋቱ። ወረታስ? ወረታ ከ20 ወደ 30 ወጣ!

ልብ በሉ፤ ወረታ በዚያ ግጥሚያ አልተጫወተም። ልጆቹ ያን ጊዜ ሻይ እየጠጡ ይሆናል። ሌላ ሰው ሮቦት ላይ ገመድ ስለተነቀለ እነሱ አንደኛ ሆኑ፣ ገሳይ ሁለተኛ ሆነ። ሒሳቡ አልተሳሳተም፣ እኛም አልቀመርነውም። ከድምር ላይ ተነስቶ ድርሻ ማከፋፈል ማለት ይኼው ነው። አንድ ቦታ የጎደለው ነጥብ ኢኩዌሽኑን ለማመጣጠን ሌላ ቦታ ይበቅላል።

እርግጥ ነው፣ በእውነተኛ ውድድር ቡድኖቹ ሦስት አይደሉም። ሠላሳ፣ አርባ፣ ከዚያም በላይ ናቸው፤ ግጥሚያውም ብዙ ነው፤ ስለዚህ የአንድ ገመድ መነቀል እንዲህ ሁሉን አይገለብጥም። ግን ምን ያህል ብዙ? ሒሳቡን ሠርተነዋል። ሦስት ለሦስት በሚካሄድ ውድድር የእያንዳንዱ ጥምረት ነጥብ አንድ ኢኩዌሽን ነው። ስለዚህ አንድ ቡድን 12 ጊዜ ከተጫወተ ለአንድ ቡድን የሚደርሰው ኢኩዌሽን 4 ብቻ ነው። 6 ጊዜ ከተጫወተ 2 ነው። ሁለት! የአንድን ተማሪ ችሎታ በሁለት ጥያቄ ፈትኖ፣ ለዚያውም መልሱን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አብሮ ጽፎ፣ ከነጥብ በኋላ እስከ ሁለት አሃዝ ድረስ ውጤት መለጠፍ ምን ይባላል? "27.43" ተብሎ ሲጻፍ ያቺ .43 የምታወራው ስለ ሮቦቱ አይደለም። የምታወራው ስለ ካልኩሌተሩ ነው።

ግጥሚያው ቢበዛ እንኳ የማይጠፋ ሌላ ችግር አለ። ኢኩዌሽኑ የእያንዳንዱ ሮቦት ድርሻ ቋሚ ነው፣ ሲጣመሩም ዝም ብሎ ይደመራል ብሎ ይነሳል። ሜዳው ግን እንዲያ አይሠራም። የሚለቀመው ኳስ የተወሰነ ከሆነ ሁለት ጎበዝ ለቃሚዎች ሲጣመሩ ይሻማሉ እንጂ እጥፍ አያገቡም። በሌላ በኩል አንዱ ሮቦት ራሱ ምንም ሳያገባ የተቃራኒውን መንገድ ዘግቶ ሊውል ይችላል። ቡድኑን ያሸነፈው እሱ ነው፤ ኦ.ፒ.አር የሚያየው ግን ያገባውን ብቻ ስለሆነ ለእሱ የሚደርሰው ዜሮ ነው። ኳስ የምታዩ ሰዎች ይኼን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልጋችሁም፤ ጎል ያላገባ ተከላካይን በጎል ብዛት መመዘን ነው።

ከደብረ ታቦር ጥቂት ራቅ ብላ ጋፋት የምትባል ቦታ አለች። ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩባት። ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል ሰባት ቶን ገደማ ይመዝናል ይባላል። ማን ሠራው ብላችሁ ብትጠይቁ መጻሕፍቱ የአውሮፓውያኑን ስም ይዘረዝሩላችኋል፤ ዋልድማየር፣ ሞሪትዝ ሆል እያሉ። ለመሆኑ ከሰሉን ማን አከሰለ? ሸክላውን ማን አቦካ? በ1867 መጨረሻና በ1868 መጀመሪያ ያን ብረት በዚያ ገደልና ሸለቆ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ማን ጎተተው? መንገዱንስ ማን ቆረጠው? የእነዚያ ሰዎች ስም የለም። የጥምረቱ ነጥብ ተመዘገበ፤ ድርሻው ሲከፋፈል ግን ደብተር የያዘው ሰው ለሚያውቃቸው ደረሰ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ ነው፣ አምሳያውም አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ነገሩን ያነሳነው ለታሪክ ክርክር አይደለም። የጋራን ሥራ ለአንድ ስም ማስቆጠር የኮምፒውተር ዘመን ፈጠራ እንዳልሆነ ለማሳየት ያህል ነው። ኮምፒውተሩ የጨመረው ነገር ቢኖር ቁጥሩ ላይ ነጥብ ማስገባት ነው።

ወደ ዘመናችን እንመለስ። "እናንተ ስለ ሮቦት ታወራላችሁ፣ እኛ የፊፋን ደረጃ እንኳ አልገባንም" የምትሉ አትጠፉም። ጥሩ፣ እሱንም እንይ፤ ዘመዳሞች ናቸውና። ሃንጋሪ የተወለደው አሜሪካዊው የፊዚክስ መምህር አርፓድ ኤሎ ለቼዝ ተጫዋቾች የደረጃ ነጥብ ቀመር ሠራ። የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን በ1970 ተቀበለው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከግጥሚያው በፊት በነጥብ ልዩነታችሁ ተመሥርቶ ምን ልታገኙ እንደሚገባ ይገመታል፤ ከተገመተው በላይ ካመጣችሁ ትጨምራላችሁ፣ ካነሰ ትቀንሳላችሁ። 200 ነጥብ የሚበልጥ ሰው ከ100 ጨዋታ 76 ያህል ነጥብ ይሰበስባል ይላል ቀመሩ። ማለትም ራሱ ቀመሩ ቀሪዋን 24 ለደካማው ትቶለታል። ይኼን ክፍል ማንም አያነብም።

ፊፋ በ2018 የወንዶቹን ደረጃ ወደዚሁ ቀመር ቀየረው። የጨዋታው ክብደት ገባ፤ የወዳጅነት፣ የማጣሪያ፣ የዓለም ዋንጫ እየተባለ። ሜዳው ግን አልገባም። በሜዳህ ተጫወትክ በሰው ሜዳ፣ ለቀመሩ አንድ ነው። እስቲ ይኼን ለባሕር ዳር ሰው ንገሩት! በኅዳር 2019 ኢትዮጵያ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ያሸነፈችው ባሕር ዳር ስታዲየም ነው፤ በዚያ ሕዝብ ፊት። ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ካፍ ስታዲየሞቻችን ደረጃቸውን አላሟሉም ስላለ ብሔራዊ ቡድኑ "የሜዳውን" ጨዋታ በሰው አገር ሲጫወት ቆይቷል። በሰኔ 2022 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ላይ ነው። ግብፅ በሰንጠረዡ ከእኛ እጅግ በላይ ነበረች። የደረጃ ሰንጠረዡን ይዞ የተወራረደ ሰው ገንዘቡን በልቷል። ደግሞ ሚዛናዊ እንሁን፤ በዚያን ቀን ሞሐመድ ሳላህ በጉዳት አልተሰለፈም፤ ይኼንንም ቀመሩ አያውቅም። ለእኛም ለእነሱም ያላወቀውን ቆጥሮ ሳይሆን ያወቀችውን ትንሽ ነገር ብቻ ይዞ ነው ደረጃ የሚያወጣው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን ግን ይኼ አይደለም። የሚያሳስበን የኩሬው ጉዳይ ነው። የኤሎ ቀመር የሚሠራው ሁሉም ሰው ዞሮ ዞሮ ከሁሉም ሰው ጋር ሲገናኝ ነው። አሜሪካ ውስጥ ክሎድ ብላድጉድ የሚባል እስረኛ ነበር፤ በነፍስ ግድያ የተፈረደበት። ከእስር ቤት ጓደኞቹ ጋር ብቻ እየተጫወተ፣ እያሸነፈ፣ ነጥቡ እየጨመረ ሄዶ በ1996 በአሜሪካ የቼዝ ደረጃ ሁለተኛ ሆኖ ቁጭ አለ! አገሪቱ ውስጥ ያሉት ታላላቅ ሊቃውንት ከአንዱ በስተቀር ከበታቹ ሆኑ። ዘግቶ ተጫወተ እንጂ ከዓለም ጋር አልተገናኘም። የእሱ ነጥብ ከፍ ብሎ ተንሳፈፈ። የተገላቢጦሹም ይሆናል፤ አንድ ኩሬ ውስጥ ያሉት ሁሉ ጎበዞች ከሆኑ እርስ በርስ ሲሸናነፉ ነጥባቸው አያድግም፣ የውጭ ሰው ሲያያቸው መካከለኛ ይመስሉታል።

አሁን ይኼን ወደ አገራችን አምጡት። ሮቦቲክስ በእኛ አገር እየተስፋፋ ነው። በየከተማው ክበብና ማሠልጠኛ እየተከፈተ ነው። በ2024 ደግሞ አምስት ሚሊዮን ኮደሮች የሚባለው ፕሮግራም ተጀምሯል። ስለዚህ ዛሬ ወይም ነገ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የአገሪቱን ቡድኖች ደረጃ በቁጥር ማውጣቱ አይቀርም። በዚያ ቁጥርም ማን ውጭ አገር እንደሚሄድ፣ ማን አዲስ ዕቃ እንደሚሰጠው፣ የትኛው ትምህርት ቤት አሠልጣኝ እንደሚመደብለት ሊወሰን ነው። አዲስ አበባ ያሉት ቡድኖች እርስ በርስ አሥር ጊዜ ይጫወታሉ። ከገሳይ የሚመጣ ቡድን፣ ያውም ከመጣ፣ ድንች ከጫነ መኪና ጋር ተጋፍቶ ወርዶ፣ ሮቦቱን በካርቶን አቅፎ፣ በአንድ ቅዳሜና እሑድ አራት ግጥሚያ ይጫወታል። በአራት ግጥሚያ፣ በዕጣ በደረሱት አጋሮች፣ አንድ ቁጥር ይለጠፍበታል። ቁጥሩም እስከ ከርሞ ይከተለዋል።

ይከተለዋል የምንለው በግነት አይደለም። አሁን አሜሪካ ውስጥ ኦ.ፒ.አርን እየተካ ያለው አዲሱ መለኪያ፣ ኢ.ፒ.ኤ፣ የዘንድሮውን ግምት የሚጀምረው ካለፉት ዓመታት ውጤት ነው። ለትንበያ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ባለፈው ዓመት ጎበዝ የነበረ ዘንድሮም ጎበዝ መሆኑ አይቀርም። ግን ትንበያና ፍርድ ይለያያሉ። "ይኼ ቡድን ነገ ያሸንፋል" ለማለት ያለፈ ታሪክ ይጠቅማል። "ይኼ ቡድን ይገባዋል" ለማለት ያለፈ ታሪክ መቁጠር ግን ሀብታምን ስለ ሀብቱ መሸለም ነው።

ቁጥሩ የማያያቸው ነገሮች ደግሞ አሉ። በ2017ቱ ውድድር የአፍጋኒስታን ልጃገረዶች ቪዛ ሁለት ጊዜ ተከልክለው በመጨረሻ ሰዓት ነው የገቡት። የሮቦቱ ዕቃም ጉምሩክ ላይ ተይዞባቸው ስለነበር ከሌሎቹ ባነሰ ጊዜ ነው የሠሩት። አዘጋጆቹ ለብርታታቸው የብር ሜዳሊያ ሰጧቸው፤ ሰው ስላየ ነው እንጂ በኢኩዌሽን ቢሆን "የጉምሩክ ሳምንት" የሚባል ተለዋዋጭ የለም። እዚህ እኛ ጋ ደግሞ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። ፕሮግራሙን ማውረድ፣ የተበላሸውን በቪዲዮ አይቶ ማስተካከል፣ አሠልጣኝን መጠየቅ የማይታሰብ ነበር። ያን ጊዜ ሮቦት ለመሥራት የሞከረ ልጅና ቦሌ ተቀምጦ የሠራ ልጅ እኩል 20 ነጥብ ቢያመጡ፣ ለእኛ እኩል አይደሉም። ለሰንጠረዡ እኩል ናቸው።

እዚህ ላይ የሚቃወመን ሰው ምን እንደሚል እናውቃለን፤ ተቃውሞውም ጠንካራ ነው። "ቁጥሩን ከጣላችሁ ምን ልትተኩ ነው? ኮሚቴ? በዚህ አገር ኮሚቴ ማለት ዘመድ፣ ትውውቅና የስልክ ጥሪ ማለት ነው። ቁጥር ቢያንስ አጎት የለውም።" እውነት ነው። የገሳይ ልጅ በኮሚቴ ፊት ከመቆም በካልኩሌተር ፊት መቆምን ቢመርጥ አንፈርድበትም። በር ላይ ያለ ሰው "ማን ልኮህ ነው?" ሲለው ከመቅረት "27.43 አለኝ" ብሎ መግባት ክብር አለው።

ለዚህም ነው ቁጥሩ ይጣል የማንለው። ይልቁንም አጎት የሌለው ቁጥር አጎት እንዳያበጅ እንጠብቀው ነው የምንለው። የመጀመሪያው ነገር የግጥሚያዎቹ ጥሬ ውጤት፣ ማን ከማን ጋር ተጣምሮ ስንት እንዳገባ፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ከዚያ ማንኛውም ሳይመልቴኒየስ ኢኩዌሽን የተማረ ልጅ ቁጭ ብሎ ደረጃውን ራሱ ሊያወጣው፣ የተለጠፈውንም ሊሞግተው ይችላል። ሁለተኛ፣ "27.43" ብሎ መጻፍ ይቅርና "ከ15 እስከ 35 መካከል" ተብሎ ይጻፍ፤ ያን ጊዜ አሥረኛውና አራተኛው ቡድን በአንድ ክልል ውስጥ መሆናቸው ለሁሉም ይታያል፣ ማንም በአንድ ነጥብ ልዩነት ልጅ አይመልስም። የሩቅ ቡድን አራት ጊዜ ብቻ ተጫውቶ የሚመለስ ከሆነም እሱን ከአሥር ጊዜ ተጫዋቾች ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ማስቀመጡ ይቅር፤ ወይ ተጨማሪ ግጥሚያ ይሰጠው፣ ወይ አዲስ አበቤው ወደ ደብረ ታቦር ይውጣ። (ብርዱን አንክድም፤ ጃኬት ይያዙ።)

ዋናው ግን ዓይን ነው። በፈርስት ውድድር ልምድ ያላቸው ቡድኖች ኦ.ፒ.አርን ብቻ አይተው አጋር አይመርጡም። ስድስት ልጆች መቀመጫ ላይ ይደረድራሉ፤ እያንዳንዱ አንድ ሮቦት ብቻ ይከታተላል፤ ስንት አነሳ፣ ስንት ጣለ፣ ስንቴ ቆመ፣ ማንን ዘጋ እያለ ይጽፋል። ከዚያ ለመጨረሻው ዙር አጋር ሲመርጡ በሰንጠረዡ ታች ያለውን፣ ማንም ያላየውን፣ ግን መንገድ ሲዘጋ የዋለውን ሮቦት ይጠሩታል። ይኼ ሥራ ላፕቶፕ አይፈልግም፣ መብራትም ኢንተርኔትም አይፈልግም። ስድስት ደብተርና ስድስት እርሳስ ነው የሚፈልገው። ለዚህ ለዚህ እንኳ ገሳይ ከማንም አታንስም። በሚቀጥለው ክልላዊ ውድድር አዘጋጆቹ ካርታ፣ ካሜራና ኮምፒውተር ሲያዘጋጁ እነዚህን ስድስት ወንበሮች ሜዳው ዳር ማስቀመጣቸውን ሄደን እናያለን፤ ማን እንደተቀመጠባቸውም እንጽፍላችኋለን።